ቀዳዳ የሌለው ጊታር

ከተማችን መርሳ በታጣቂዎች እጅ በገባች በሳምንቱ፣ አባቴ ቁርስ ላይ ከሳህኑ ቀና ብሎ ታላቅ ወንድሜን ትንሳኤን «ጊታር እንሥራ» አለው።

ትንሳኤ የጎረሰውን ማላመጥ አቆመ። እናቴም ከሳህኗ ቀና አላለችም። እኔ ግን እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ በዚያች ጠዋት ከቤተሰቡ ሁሉ የተደሰትኩት እኔ ብቻ መሆኔን ልብ አላልኩም።

አባቴ ዘውዱ ዲናሞ ጠቅላይ ነው። በመርሳና በዙሪያዋ የወፍጮ ዲናሞ ሲቃጠል፣ ወይም ገበሬው ከወንዝ ውሃ የሚስብበት ፓምፕ ሲቆም፣ ተሸክመው የሚያመጡት ወደ እሱ ሱቅ ነበር። የተቃጠለውን ሽቦ ጎልጉሎ ያወጣና አዲስ መዳብ ጠቅልሎ ያስነሳዋል። ሱቁ ውስጥ ቴፑ ከጠዋት እስከ ማታ ይዘፍናል፤ ልጁ ዘፋኝ እንዲሆን ግን በጭራሽ አይፈልግም። ትንሳኤ ገና ትንሽ ልጅ ሳለ ከዘይት ጀሪካን ክራር ሠርቶ ሠፈሩን ያደነቁር ነበር አሉ። አድጎ ወልድያ አንድ ሰርግ ላይ ኤሌክትሪክ ጊታር ሲጫወቱ ካየ ወዲህ ደግሞ ሌላ ወሬ አልነበረውም። «አባዬ፣ አንድ ጊታር ብቻ» ባለ ቁጥር መልሱ ያው ነው፤ «መጀመሪያ ትምህርትህን።»

ያ ሰው መብራት በጠፋበት፣ ስልክ በተቋረጠበት፣ ወፍጮው ሁሉ በቆመበት ክረምት ከመሬት ተነስቶ «ጊታር እንሥራ» ሲል፣ እኔ ጦርነት አባቶችን ደግ ያደርጋል ብዬ ደመደምኩ።

ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ያየሁትን ከዚህ ጋር አላገናኘሁትም። እናቴ ጥሩወርቅ የትንሳኤን የትምህርት ቤት ቦርሳ አልጋ ላይ ዘርግፋ አጠገቡ ተቀምጣ ነበር። ከቦርሳው የወጣው በፌስታል የተቋጠረ በሶ፣ ሹራብና የስፖርት ጫማ ነው። እናቴ በሶውን በሁለት እጇ ይዛ ታለቅሳለች። አባቴ በር ላይ ቆሟል። ከአጥሩ ውጭ የጎረቤታችን የእትዬ አለሚቱ ልጅ ሲሳይ እንደ ልማዱ ያፏጫል፤ ወንድሜ ግን አልወጣለትም። እህል እያለቀ ስለነበር፣ ትንሳኤ በሶ ሰርቆ ደብቆ ተገኝቷል ብዬ አሰብኩ። እናቴም የምታለቅሰው ለበሶው መሰለኝ። ወንድሜን ታዘብኩት።

ቦርሳው የመንገድ ነበር። ትንሳኤና ሲሳይ በአምባሰል ተራሮች አቋርጠው ወደ ወገን ጦር ሊገቡ ተነጋግረው ነበር። ይህን እናቴ የነገረችኝ አድጌ፣ ልብስ እያጣጠፍን፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ ነው። ሲሳይ በማግስቱ ብቻውን ሄደ። አልተመለሰም። እትዬ አለሚቱ እስከ ዛሬ ድረስ በእኛ በር ስታልፍ ቆም ብላ የወንድሜን ደህንነት ትጠይቃለች።

ጊታሩ ተጀመረ። ለአካሉ አባቴ የድሮ የሱቅ በር የነበረ የዋንዛ ሳንቃ መረጠ፤ ለአንገቱ ወይራ። ክሮቹ ከብስክሌት ፍሬን ሽቦ ተፈትተው የወጡ ናቸው። ጆሮው፣ ማለትም የክሩን ንዝረት ይዞ ወደ ቴፑ የሚያስተላልፈው፣ ከተሰበረ ስፒከር በወጣ ማግኔት ላይ የሚጠቀለል እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ነው። ጊታር ማለት ሆዱ ክፍት የሆነ ነገር መሆኑን ከሥዕል አውቃለሁ፤ ስለዚህ ወንድሜ ሳንቃውን ሞርዶ ሲጨርስ የጠየቅሁት «ቀዳዳውስ?» ብዬ ነው።

«የኤሌክትሪክ ቀዳዳ የለውም» አለኝ ትንሳኤ።

«ድምፁ በየት ይወጣል ታዲያ?»

«በቴፑ።»

አላመንኩትም። መብሳት አቅቷቸው የሚያመካኙ መሰለኝ።

ሥራው ጓሮ፣ ማንጎው ሥር ነበር። ወንድሜ ከግቢ እንዲወጣ አይፈቀድለትም፤ ከተማው ውስጥ ወጣት ወንድ በታየ ቁጥር ሚሊሻ ነህ፣ ጠቋሚ ነህ ይባላል። ስለዚህ ከጠዋት ጀምሮ አባትና ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጠው ይሞርዳሉ፣ ይሰረስራሉ፣ ይለካሉ። የኔ ድርሻ መቁጠር ነበር። አባቴ የእጅ መሰርሰሪያውን ጠረጴዛ ላይ አስሮ ጥቅሉን ጫፉ ላይ ያደርግና እጀታውን ሲያዞር፣ እኔ ዙሩን ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር እንደዚያ ያለ ትልቅ ቁጥር የቆጠርኩት በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። እናቴ ለጎረቤት «ሔዋን እኮ በሺህ ትቆጥራለች» ስትል ሰምቼ ለቀናት ስንቀባረር ነበር።

ነገር ግን ሥራው አልሆን አለ።

መጀመሪያ አንገቱ አጭር ሆነ። አባቴ ለክቶ ቆርጦ፣ እንደገና ለክቶ «አይ፣ ሳትኩ» አለና ለማገዶ ጣለው። ሌላ ወይራ ተፈለገ። እሱም ተቆርጦ፣ ተሞርዶ፣ ጣት የሚያርፍባቸው ትንንሽ ሽቦዎች ከተተከሉበት በኋላ «ርቀታቸው አልተስተካከለም» ብሎ ሁሉንም ነቀላቸው። ከሁሉ የባሰው ግን ሽቦው ነው። ቆጥሬ ቆጥሬ፣ ጉሮሮዬ ደርቆ፣ ጥቅሉ ወፍሮ ሊያልቅ ሲል ድንገት ይበጠሳል። አባቴ «ውይ!» ብሎ የቀኝ እጁን እንደ ጥፋተኛ ልጅ ያየዋል። «እጄ ምን ነካው?» ይላል። ከዚያ ሁሉም ይፈታል፤ ሽቦው ይቀጠላል፤ እኔም ከአንድ እጀምራለሁ።

ሥራ የፈቱ የሠፈር ሰዎች ማንጎው ሥር ይቀመጡ ነበር። ከእነሱ አንዱ ባለ ወፍጮው አያ ንጉሴ ነበሩ፤ ወፍጯቸው ቆሞ የሚያደርጉት ሲያጡ በእኛ ይቀልዳሉ።

«ዘውዱ፣ የኔን ዲናሞ በአንድ ጠዋት አስነስተህ ምሳህን ቤቴ ትበላ አልነበር? እቺ ጣውላ አቃተችህ?»

«ብረትና እንጨት አንድ አይደለም፣ አያ ንጉሴ» ይላል አባቴ። «እርስዎ ይሞክሩታ።»

«እኔማ ምን አውቄ? አንተ ነህ እንጂ ባለሙያ የምትባለው!»

ሰዎቹ ይስቃሉ። አባቴም አብሮ ፈገግ ይላል። እኔ ግን ፊቴ ይቃጠላል። አባቴ መርሳ ውስጥ የሚኮራበት አንድ ነገር ቢኖር እጁ ነበር፤ ያ እጅ በሰው ፊት ሲዋረድ እያየሁ ነው። አንድ ቀን ትንሳኤን «አባዬ አርጅቷል እንዴ?» ብዬ በጆሮው ጠየቅሁት። «ዝም በይና ቁጠሪ» አለኝ፤ እሱም ግን በልቡ እየተናደደ ነበር። ጥቅሉ በተበጠሰ ቁጥር ተነስቶ እስከ አጥሩ ይሄዳል፤ ወደ ተራራው ያያል፤ ቆይቶ ተመልሶ ይቀመጣል። ሳይጨርሰው የትም እንደማይሄድ አውቃለሁ፤ ጊታሩን ከዓይኑ አብልጦ ይፈልገው ነበር።

እኔም ለማርያም ተሳልኩ። የአባቴን እጅ ብትምሪልኝ ሻማ አመጣልሻለሁ አልኳት። ሻማውን ከእናቴ ሳጥን ወስጄ አልጋዬ ሥር አስቀመጥኩት።

እንዲህ እያለ ክረምቱ አልፎ፣ መስቀል አልፎ፣ ማሽላው ደረሰ። ኅዳር ላይ ከወደ ደሴ የሚመጡ ሰዎች ብዙ ወሬ ይዘው ይመጡ ነበር። ትልልቆቹ በሹክሹክታ ያወሩታል፤ እኔን ሲያዩ ስለ ዝናብ ያነሳሉ።

በአንድ ከሰዓት በኋላ ሦስት ታጣቂዎች የግቢያችንን በር ገፍተው ገቡ። አያ ንጉሴና ሌሎቹ ብድግ አሉ። መሪያቸው ቀጭን፣ ጢሙ ሸበት ያለ ሰው ነው፤ አማርኛው ጥሩ ነው፣ ትግርኛው ከሥር ይሰማል እንጂ። ጠረጴዛውን አየ፤ ሽቦውን፣ ማግኔቱን፣ ሆዱ የተከፈተውን ቴፕ አየ። ከዚያ የዋንዛውን ሳንቃ አነሳው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጊታር ነው፣ ወንድሜ» አለ አባቴ።

«ጊታር?» አገላብጦ አየው። «ቀዳዳው የታለ?»

ከመጀመሪያው የፈራሁት ጥያቄ መጣ።

«የኤሌክትሪክ ነው። ቀዳዳ አያስፈልገውም።»

«መብራት በሌለበት ከተማ የኤሌክትሪክ ጊታር?»

ማንም አልሳቀም።

«ከመቼ ጀምራችሁ ነው የምትሠሩት?»

«ከነሐሴ» አለ ወንድሜ።

ሰውየው ሳንቃውን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ መለሰው። «እዚህ ግቢ ውስጥ በየቀኑ ሽቦ እየተጠቀለለ ነው፣ መገናኛ ሬዲዮ ነው የሚሠሩት ብለው ነግረውኛል። ስለ አንተ ስጠይቅ ደግሞ መርሳ ውስጥ እንደ አንተ ያለ ዲናሞ ጠቅላይ የለም አሉኝ። እንደዚያ ያለ ባለሙያ አንድ ጊታር ከነሐሴ እስከ ኅዳር ይፈጅበታል?»

አባቴ አንድ ጊዜ ወደ ትንሳኤ አየ። «እጄን አሞኝ ነው» አለ በመጨረሻ።

«እጁን አሞት ነው!» አልኩ እኔም። ምስክር መሆኔ ነው። «ሽቦው ይበጠስበታል። እኔ ነኝ የምቆጥርለት!»

ሰውየው ለአፍታ አየኝ። «እንግዲያው እንዲህ እናድርግ» አለ። «ኬላው ጋ ጉዳይ አለኝ። ፀሐይ ሳትጠልቅ እመለሳለሁ። ጊታር ከሆነ ይጮኻል። ካልጮኸ ልጁ ከእኛ ጋር ይሄዳል።»

አንዲት ወጣት ታጣቂ በር ላይ ትቶ ከሌላው ጋር ወጣ። የሠፈሩ ሰዎች አንድ በአንድ ተበተኑ።

እናቴ እሪ ልትል እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። አባቴ አላስጮሃትም።

«ጥሩወርቅ» አለ። «ሰም አቅልጪልኝ። ሻማ ካለሽ።»

ድምፁን አላወቅሁትም። እናቴ ሮጣ ሳጥኗን ከፈተች፤ ሻማው የለም። እኔ ከአልጋዬ ሥር አውጥቼ ሰጠኋት። ማርያም ስለቷን ቀድማ ፈለገችው ብዬ ነው የሰጠኋት።

«ትንሳኤ፣ አንገቱን እሰር። ክሮቹን ወጥር።»

አባቴ መሰርሰሪያው ጋ ተቀመጠ። እኔም እንደ ልማዴ ጎኑ ቆሜ «አንድ» አልኩ።

«ሔዋን፣ ዛሬ አትቁጠሪ» አለኝ።

ከዚያ ያየሁትን ለስንቱ ሰው ነገርኩ፤ አሁንም ባወራው አይሰለቸኝም። የአባቴ ግራ እጅ እጀታውን ማዞር ጀመረ፤ ቀኝ እጁ ሽቦውን በሁለት ጣት መሃል ይዞ ከዳር ዳር እየመራ፣ ከዳር ዳር እየመለሰ ይሄዳል። ፍጥነቱ ጨመረ። መሰርሰሪያው ያፏጭ ጀመር። እጁን አያየውም፤ ዓይኑ አጥሩ ላይ፣ በሩ ላይ ነው። ጣቶቹ ግን ሽቦው ሲላላ ያጠብቁታል፣ ሲወጠር ያላሉታል። ልክ እናቴ ስታወራ ጥጥ እንደምትፈትለው። እልፍ ጊዜ ዞረ። አልተበጠሰም። ሊያልቅ ሲል፣ ሁልጊዜ የሚበጠስበት ቦታ ሲደርስም አልተበጠሰም። ጥቅሉ ወፍሮ፣ ለስልሶ፣ እንደ ማር ቀለም አብርቶ ተጠናቀቀ፤ አባቴም ሽቦውን በጥርሱ ቆረጠው።

ማርያም ማረችው። እጁ ተፈወሰ። ይህን ለወንድሜ ልነግረው ዞር ስል፣ ትንሳኤ ክሩን በእጁ እንደያዘ ቆሞ አባታችንን ያየዋል። ፊቱ ልክ እንደ አመድ ነው። ፈርቶ ነው አልኩ።

ዛሬ በአባቴ ወንበር የምቀመጠው እኔ ነኝ። ሱቁ የኔ ሆኗል፤ አባቴ በር ላይ ተቀምጦ ከሰው ያወራል፣ ሲያሻው ይተቸኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያንን ቀጭን ሽቦ በእጄ ስጠቀልል እኔም በጥሼዋለሁ፤ አንዴ መጀመሪያው ላይ፣ አንዴ መሃሉ ላይ፣ አንዴ መጨረሻው ላይ። ሽቦ የሚበጠስበትን ቦታ አይመርጥም። የአባቴ ሽቦ ግን ያን ሁሉ ወር የሚበጠሰው ሊያልቅ ሲል ብቻ ነበር። ይህ የገባኝ ቀን ሥራዬን አቁሜ ወደ በሩ አየሁ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀምጦ ከአንድ የባጃጅ ሹፌር ጋር ይሳሳቅ ነበር። «አባዬ፣ ያኔ እጅህን አልታመምክም አይደል?» አልኩት። ዞር ብሎም አላየኝ። «ክፉኛ አሞኝ ነበር» አለ።

በዚያ ከሰዓት አባቴ ጥቅሉን ሰሙ ውስጥ ነክሮ አወጣው፤ ክሮቹ ሥር ገጠመው፤ ብረት በከሰል አግሎ ጫፎቹን በእርሳስ በየዳቸው። ከማገዶው ሥር የተደበቀ የባጃጅ ባትሪ ወጥቶ ከቴፑ ጋር ተያያዘ። ፀሐይ ወደ ተራራው አጋድላ ነበር። መሪው ተመልሶ ሲመጣ ትንሳኤ ጊታሩን በጨርቅ ማንገቻ አንግቶ ቆሟል።

«እሺ» አለ ሰውየው።

ወንድሜ ክሩን መታ። ዝም።

እንደገና መታ። ከሳንቃው ላይ ሽቦ ሲነካ የሚሰማ ድርቅ ያለ ድምፅ ብቻ ወጣ። ቴፑ ምንም አላለም። እናቴ ግድግዳውን ተደገፈች። ያ ቀዳዳ፣ አልኩ በልቤ፣ ብያቸው ነበር እኮ።

መሪው ትከሻውን ነቀነቀና ለወንድሜ እጁን ሊዘረጋ ሲል አባቴ «አንድ ደቂቃ፣ ወንድሜ» ብሎ ጎንበስ አለ። የጥቅሉን ጫፍ ፈልቅቆ አወጣ፤ ወደ ብርሃኑ አቅርቦ አየው። «ልባጡን አልፋቅሁትም» አለ ለራሱ። መዳቡ ላይ ያለውን ስስ ቀለም በጥፍሩ ፋቀው፣ በቢላ ፋቀው፣ እንደገና በየደው። እጁ አንዲት ጊዜ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። «ምታው» አለው።

ትንሳኤ መታው።

ግቢው ሞላ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከሳንቃ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ደረቴ ውስጥ ገብቶ ነዘረኝ፤ ማንጎው ላይ የነበሩት ወፎች ተነስተው በረሩ። ወንድሜ ዓይኑን ጨፍኖ አምባሰልን ጀመረ፤ መጀመሪያ እየፈራ፣ ቆይቶ ግን የመጡትንም እኛንም ረስቶ። በር ላይ የነበረችው ወጣት ታጣቂ ጠመንጃዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ከአጥር ውጭ የሰው ኮቴ ቆመ። መሪው እስኪያልቅ ድረስ ሰማ።

«ጊታር ነው» አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሽቦዎቹን ነቀላቸው። «ባትሪውን ግን እንፈልገዋለን።»

ልጅቷ ስትወጣ ጊታሩን በአንድ ጣቷ ነካ አድርጋ በትግርኛ የሆነ ነገር አለች። አልገባኝም። ቁጣ አልነበረም።

በዚያ ምሽት ቤታችን ሰርግ መሰለ። እናቴ ወንድሜን ትስማለች፣ እኔን ትስማለች፣ ጊታሩን ሳይቀር ሳመችው። አያ ንጉሴ ተመልሰው መጥተው «ይኸው! ይኸው ዘውዱ!» እያሉ የአባቴን ትከሻ ደበደቡት። እኔ ከክፍል ክፍል እየሮጥኩ «በአንድ ከሰዓት! በአንድ ከሰዓት ጨረሰው!» እላለሁ። አባቴ ብቻ አልተደሰተም። ክርኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ግድግዳ የተደገፈውን ጊታር እንደ ባዕድ ያየዋል። ባትሪው አሳዝኖት ነው አልኩ።

ባትሪውን አላሰበውም ነበር። ጊታሩ አልቋል። ልጁን ያን ሁሉ ጊዜ ግቢ ውስጥ ያስቀመጠለት ሥራ አልቋል፤ ያውም በገዛ እጁ። ቦርሳው አሁንም ምሰሶው ላይ ተሰቅሏል፣ ተራራውም እዚያው ነው። እናቴ እንደነገረችኝ በዚያ ሌሊት ሁለቱም አልተኙም፤ የወንድሜ በር ሲንቋቋ ይሰሙ እንደሆነ ሲያዳምጡ ነጋ።

በሩ የተከፈተው ጠዋት፣ ፀሐይ ወጥታ ነው። ትንሳኤ ጊታሩን ይዞ ወደ ማንጎው ሄደ። ተከተልኩት። አባቴም ወጣ፤ ከደጃፉ ላይ ቆመ። ወንድሜ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ክሮቹን አንድ በአንድ ማላላት ጀመረ።

«ምን እያደረግክ ነው?» ብዬ ጮህኩ።

ለአባቴ ነበር የተናገረው፤ ቀና ሳይል። «አባዬ፣ ትናንት ሰማኸው አይደል? ያጉረመርም ነበር።»

አባቴ ከደጃፉ አንድ እርምጃ ወረደ።

«ድምፁ ንጹሕ አልነበረም። አንገቱም ትንሽ ጠመመ መሰለኝ። እንደገና ብንፈታው ይሻላል።»

«ኧረ ምንም አላጉረመረመም!» አልኩ። እንባዬ መጣ። «ቆንጆ ነበር! ወፎቹ እንኳ በረሩ! አባዬ፣ ንገረው! በስንት መከራ የሠራኸውን...»

አባቴ ልጁን ለረጅም ጊዜ አየው። ትንሳኤ አሁንም ቀና አላለም፤ የመጨረሻውን ክር ፈትቶ እንደ ቀለበት ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።

«እውነትህን ነው» አለ አባቴ። ድምፁ ሻከረ። «ያጉረመርማል። ቆይ፣ ፒንሳ ላምጣ።»

ወደ ቤት ገባ። ሲቆይ ሲቆይ ወጣ። ፒንሳው ግን መጀመሪያውኑ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ እጀታው ሲወጣ አይቼዋለሁ። ሁለቱንም እብዶች ናቸው ብዬ አኮረፍኩ። ጥቅሉን ሲፈቱት፣ አባቴ «ሔዋን፣ ነይ ቁጠሪልን እንጂ» ቢለኝም ሁለት ቀን ሙሉ አልቆጠርኩላቸውም።

ትንሳኤ አሁን ወልድያ ነው። በሰርግ በባንድ ይጫወታል፤ የተበላሸ ጊታር የሚያመጡለትም ብዙ ናቸው። ባለፈው ዓመት ለሥራ ሄጄ ቤቱ ሳድር ያንን ጠዋት አነሳሁበት። ሳቀ። ቆይቶ ግን እንዲህ አለኝ፦

«ያን ቀን እጁን ሲያዞር ሳየው ነው የገባኝ። አባዬ እኮ የሚኮራው በእጁ ነው። እኔ እንዳልሄድ ብሎ በአያ ንጉሴ፣ በሠፈሩ ሁሉ ፊት ሥራ የማይችል ሰው ሆኖ ተቀመጠ። ያን ሁሉ ወር። እንዲህ ያደረገልኝን ሰው ጥዬ የት እሄዳለሁ? እንዳወቅሁበት እንዲያውቅ ደግሞ አልፈለግሁም። ያፍራል።»

«ሲሳይስ?» አልኩት።

«ሲሳይን አስበዋለሁ» አለ።

ታጣቂዎቹ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ወጡ። ጥር ላይ የአክስቴ ልጅ ሮማን ሐራ ከተማ ውስጥ ተዳረች። ከጦርነቱ በኋላ በአካባቢው የተደገሰ የመጀመሪያው ሰርግ ስለነበር ያልመጣ ሰው አልነበረም። መብራት ገና ስላልተመለሰ ጄኔሬተር ተከራይተው ነበር። ጊታሩ በመጨረሻ ተገጥሞ፣ ሳንቃው በቀይ ቫርኒሽ ተቀብቶ እንደ መስታወት ያበራል። ወንድሜ ዳሱ ሥር ቆሞ ሲጫወት ሽማግሌዎቹ እስክስታ ወረዱ፤ ሙሽራዋ ተነሳች፤ ሴቶቹ በእልልታ አቀለጡት። እኔ አዲስ ቀሚሴን ለብሼ ከአባቴ ጎን ተቀምጬ፣ ያየኝን ሁሉ «የኛ ነው፣ የኛ ነው» እላለሁ።

በሁለት ዜማ መሃል ከወልድያ የመጣ ደሳለኝ የሚባል ጊታር ተጫዋች ወደ ወንድሜ ቀርቦ መሣሪያውን ጎንበስ ብሎ መረመረ። አንገቱን ዳበሰ፤ ሥሩን አየ። ከዚያ ሰው ወደ ጠቆመው ወደ አባቴ መጣ።

«ጋሽ ዘውዱ፣ ይሄን እርስዎ ነዎት የሠሩት አሉኝ።»

«ልጄ ነው» አለ አባቴ። «እኔ ያዝ አድርጌለት ነው።»

«ሸጋ ሥራ ነው፣ እውነቴን ነው። ድምፁ የፋብሪካ ይመስላል። ግን ስንት ጊዜ ፈጀባችሁ?»

ከጎናችን ያሉት አያ ንጉሴ ቀድመው ሳቁ። «የጦርነቱን ዕድሜ! ዘውዱን የሚያህል ቀርፋፋ አላየሁም! አንዱን ይሠራል፣ ሁለቱን ያፈርሳል!»

ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። አባቴ አልተቆጣም። ደረቱን ነፍቶ፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ፣ ከዚያ በፊት ፊቱ ላይ አይቼው በማላውቀው ኩራት፣ «አዎ» አለ። «ቀርፋፋ ነኝ። ብዙ ፈጀብኝ።»

ይህን መቋቋም አልቻልኩም። ወንበሩ ላይ ቆምኩና «ውሸት ነው!» ብዬ ጮህኩ። «አባዬ ቀርፋፋ አይደለም! በአንድ ከሰዓት ነው የጠቀለለው! ሳያይ! እኔ አይቻለሁ!»

ሰው ሁሉ ዞረ። ትንሳኤ እየተጫወተ ከክሮቹ ቀና ብሎ ወደ እኛ ተመለከተ። አባቴም እሱን ያየዋል። ምን እንደተባባሉ ያኔ አልገባኝም፤ የወንድሜ ጣቶች ግን አላቆሙም። አባቴ ከወንበሩ አወረደኝና ጭኑ ላይ አስቀመጠኝ፤ ቫርኒሽ የሚሸት መዳፉን አፌ ላይ አደረገ።

«ዝም በይ፣ ልጄ» አለኝ። «ወንድምሽ እየተጫወተ ነው።»